ኪዮቶ ወይስ ናራ፣ ኮያሳን ወይስ ሚያጂማ፦ በጃፓን የትኛውን ጥንታዊ ስፍራ እንምረጥ?

ጃፓን ሊሄዱ የተነሱ ወዳጆቼ የሚያሳዩኝ የጉዞ ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሰኞ ኪዮቶ፣ ማክሰኞ ናራና ኦሳካ፣ ረቡዕ ሂሮሺማና ሚያጂማ፣ ሐሙስ ወደ ቶኪዮ ተመልሶ ኒኮ። ወረቀት ላይ ያምራል። ሲኬድ ግን ግማሹ ቀን ባቡር ውስጥ፣ የቀረው ሰልፍ ላይ ያልቅና ሰው ቤቱ ሲመለስ የቱ ፎቶ የየትኛው ቤተ መቅደስ እንደሆነ ይጠፋበታል። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በሦስት ቀን ዐሥራ አንድ ቦታ ረግጬ ዛሬ አጥርቼ የማስታውሰው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ሁለቱም በማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ የገባሁባቸው ናቸው።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው በዝና አይደለም፤ ሁሉም ዝነኛ ናቸው። ስንት ቀን አላችሁ? ከማን ጋር ነው የምትሄዱት? ጉልበታችሁ ደረጃ ይችላል? ጾም ላይ ናችሁ? ምርጫውን የሚወስነው ይሄ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወሩንና ሰዓቱን ግን በእኛው።

አንድ ነገር ልለይ። በስሙ መጨረሻ «ጂ» ወይም «ዴራ» ያለበት የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው። «ጂንጃ»፣ «ታይሻ»፣ «ጂንጉ» ወይም «ጉ» ካለበት ደግሞ የሺንቶ ነው፤ ሺንቶ የጃፓኖች የራሳቸው ጥንታዊ እምነት ነው። የሺንቶው መግቢያ ላይ ቶሪ የሚባለው፣ በሁለት ዓምድና በሁለት አግዳሚ የተሠራው በር ይቆማል። ከዚህ በኋላ ቤተ መቅደስ ስል የቡድሃውን፣ ጂንጃ ስል የሺንቶውን ነው።

አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ

ናራ ሂዱ። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገረማል፤ «ጃፓን ሄጄ ኪዮቶን ሳላይ?» ይለኛል። ኪዮቶ ከ794 ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ የነበረች፣ በ1945 የአቶሚክ ቦምብ ዒላማዎች ዝርዝር ውስጥ ገብታ የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር ሄንሪ ስቲምሰን ስሟ እንዲሰረዝ በማድረጋቸው የተረፈች ከተማ ናት። ሀብቷ ግን በአራቱም ማዕዘን ተበትኗል። ኪንካኩ-ጂ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ኪዮሚዙ-ዴራ ምሥራቅ፣ ፉሺሚ ኢናሪ ደቡብ። በመካከላቸው የሚመላለሰው የከተማ አውቶቡስ ከሻንጣና ከቱሪስት ብዛት መቆሚያ የለውም። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ያየ ሰው ጎበዝ ነው፤ ያየውም እየተጋፋ ነው።

ናራ ከኪዮቶ በኪንቴትሱ ድርጅት ልዩ ፈጣን ባቡር 35 ደቂቃ ገደማ፣ ጄአር በሚባለው በሌላው የባቡር ድርጅት ደግሞ 45 ደቂቃ ገደማ ናት። ከኪንቴትሱ ናራ ጣቢያ ወጥታችሁ ትንሽ እንደተራመዳችሁ ትልቁ መናፈሻ ይጀምራል፤ ዋና ዋናዎቹ ሁሉ እዚያው ውስጥ፣ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። ከኪዮቶ በፊት፣ ከ710 እስከ 784፣ ዋና ከተማዋ ናራ ነበረች።

ቶዳይ-ጂ ውስጥ የተቀመጠው የነሐስ ቡድሃ ቁመቱ 15 ሜትር ገደማ ነው። በ752 ሲመረቅ ዓይኖቹን በቀለም የሳለው ቦዲሴና የተባለ ከህንድ የመጣ መነኩሴ ነበር። ብሩሹ ላይ ረጃጅም ክር ታስሮ የተሰበሰበው ሰው ክሩን ይዞ ነበር፤ ዓይን በመክፈቱ ሥራ ሁሉም እጁ እንዲኖርበት። ያ ብሩሽ ከዚያው አጠገብ ባለው ሾሶ-ኢን በሚባለው ግምጃ ቤት ተጠብቆ እስከ ዛሬ አለ። አዳራሹ በጦርነት ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል። አሁን የምታዩት በ1709 የተጠናቀቀው ሲሆን ከጥንቱ በሲሶ ያህል ያንሳል፤ ያም ሆኖ 57 ሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ቤት ነው። በሩ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያየ ሰው ሌላውን ሲሶ የት ሊያቆሙት ነበር ይላል።

ከዚያ አጋዘኖቹ። ከሺህ በላይ ናቸው፤ የካሱጋ ታይሻ አምላክ መልእክተኞች ተደርገው ስለሚታዩ ከጥንት ጀምሮ ማንም አይነካቸውም። በመንገድ ዳር የሚሸጠውን ከሩዝ ፉርሽካ የሚሠራ ብስኩት ከፍ አድርጋችሁ ስትይዙ አጋዘኑ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። እናንተም ዝቅ ስትሉ እንደገና ዝቅ ይላል። ከዚያ በላይ ካስጠበቃችሁት የልብሳችሁን ጫፍ ይዞ ይጎትታል፣ ሊነክስም ይችላል፤ በተለይ ልጆች ብስኩቱን ይዘው እንዳይሮጡ ንገሯቸው። ሲያልቅ ሁለቱን መዳፍ ዘርግቶ ማሳየት ይበቃል፤ አይቶ ይሄዳል። ሌላ ምግብና ፌስታል ግን አታስጠጓቸው፤ ፕላስቲክ እየበሉ የሞቱ አሉ።

የኮፉኩ-ጂን ባለ አምስት ፎቅ ፓጎዳ አትጠብቁ፤ ለረጅም ዓመታት እድሳት ተሸፍኗል። እናትና አባት ይዛችሁ ከሆነም ናራ ትመቻለች፤ መንገዱ በአብዛኛው ሜዳ ነው።

ሦስት ቀን ካላችሁ ኪዮቶ፤ ግን የቱን ከየቱ?

በኪዮቶ ዋናው ጥበብ ማልዶ መነሳት ነው። ፉሺሚ ኢናሪ መዝጊያ ሰዓት የለውም፣ መግቢያም አይከፈልበትም፤ ከኪዮቶ ጣቢያ በጄአር ናራ መስመር ሁለተኛው ፌርማታ ነው። ኪዮሚዙ-ዴራ ከንጋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። ኪንካኩ-ጂ ግን ከ3 ሰዓት በፊት አይከፍትም፤ ስለዚህ እዚያ ሕዝቡን የምታመልጡበት መንገድ የለም።

እኔ ብመርጥ ፉሺሚ ኢናሪን አስቀድማለሁ። ተራራው 233 ሜትር ብቻ ነው፤ ዙሩን ለመጨረስ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ብርቱካናማ ቀይ የተቀቡት ቶሪዎች ወደ 10,000 ይጠጋሉ ይባላል፤ ተጠጋግተው ስለቆሙ የምትሄዱት በዋሻ ውስጥ ያህል ነው። ብዙው ሰው መጀመሪያው ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ከፍ ብላችሁ ዮትሱጹጂ እስከሚባለው መጋጠሚያ ከወጣችሁ ኪዮቶን ከታች ታያላችሁ፣ ሰዉም ይሳሳል። ስትወጡ ዓምዶቹ ባዶ ናቸው። ስትወርዱ ግን እያንዳንዱ ዓምድ ጀርባው ላይ በጥቁር የተቀረጸ ጽሑፍ አለው፤ በአንዱ ዓምድ የሰጪው ስም፣ በሌላው የተሰጠበት ቀን። ኢናሪ የሩዝና የንግድ አምላክ ስለሆነ ሰጪዎቹ በብዛት ነጋዴዎችና ድርጅቶች ናቸው፤ ንግዴ ይቅናልኝ ያለ፣ የቀናለትም ያመሰገነበት ነው። አንዳንዱ እንጨት ከሥሩ በስብሶ ተነቅሏል፤ በአጠገቡ አዲሱ ቀለሙ ገና ሳይደበዝዝ ቆሟል። ስዕለት ከሚገባበት አገር የሄደ ሰው ይህን ለመረዳት አስጎብኚ አያስፈልገውም።

ኪዮሚዙ-ዴራ 13 ሜትር ከፍታ ባላቸው የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ገደል ጫፍ የተሠራ ሰገነት ነው። የአሁኑ ሕንጻ የ1633 ነው፤ ምሰሶና አግዳሚው አንዱ በአንዱ ውስጥ እየተሰካ እንጂ በሚስማር አልተያያዘም። ከሥሩ ወርዳችሁ ማገጣጠሚያውን ሳታዩ አትመለሱ።

ኪንካኩ-ጂን በተመለከተ ሐቁን ልናገር። በወርቅ የተለበጠው ያ ቤት በኩሬው ላይ ሲያርፍ ውብ ነው። ነገር ግን ውስጡ አይገባም፤ በተከለለ መንገድ ዞራችሁ በግማሽ ሰዓት ትወጣላችሁ፤ ሕንጻውም በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ ካቃጠለው በኋላ በ1955 እንደገና የተሠራ ነው። ጊዜ ካጠረ እሱን ትቼ ሳንጁሳንገን-ዶ እገባለሁ። 120 ሜትር ገደማ በሚረዝም አንድ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ 1,001 የካኖን ሐውልቶች በረድፍ ቆመዋል፤ ካኖን የርኅራኄ አምሳል ናት። ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ያያል። በጃፓን ካየኋቸው አዳራሾች እንደዚህ ጸጥ ያለ የለም።

የድንጋይ የአትክልት ስፍራ የሚወድ ሰው ሪዮአን-ጂን ይጨምር። በነጭ ጠጠር ላይ 15 ድንጋዮች አሉ፤ በረንዳው ላይ የትም ብትቀመጡ ቢያንስ አንዱ ይደበቃችኋል። ለልጆች ግን አይሆንም፤ አምስት ደቂቃ አይታገሱም።

ከቶኪዮ ሳትርቁ፦ ኒኮ ወይስ ካማኩራ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ናሪታ ስለሚያርፍ ብዙዎቻችን የምንገባው በቶኪዮ ነው። ከዚያ በቀን ደርሶ ለመመለስ ሁለቱ ይነጻጸራሉ።

ካማኩራ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በኮቶኩ-ኢን የሚገኘው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተቀመጠ 11 ሜትር ከፍታ ያለው የነሐስ ቡድሃ አዳራሹ ፈርሶበት ከ500 ዓመት በላይ ሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ ይፈራረቁበታል። ባሕር አለ፣ በመንደር መካከል የምትሹለከለክ ኤኖደን የምትባል ትንሽ ባቡር አለች፤ ቀኑ ቀላል ነው።

ኒኮ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከአሳኩሳ በቶቡ ባቡር ይሄዳል። የሾገኑ (የአገሪቱ የጦር ገዥ) ቶኩጋዋ ኢያሱ መካነ መቃብር ቶሾ-ጉ እዚያ ነው፤ አሁን የምናየውን በ1636 ያሠራው የልጅ ልጁ ኢየሚትሱ ነው። «አላይም፣ አልናገርም፣ አልሰማም» የሚሉት ሦስቱ ዝንጀሮዎች የተቀረጹትም እዚሁ፣ የፈረሶች ጋጣ ላይ ነው። ዮሜይሞን የተባለው በር ከ500 በላይ ቅርጻ ቅርጽ አለበት። ከዓምዶቹ መካከል አንዱ ሆን ተብሎ ጌጡ ተገልብጦ ተቀርጿል፤ ፍጹም የሆነ ሥራ ማፍረሱ ይጀምራል ብለው ስለሚያምኑ ሥራው ያላለቀ እንዲመስል ያደረጉት ነው። ወደ መቃብሩ 207 የድንጋይ ደረጃ ይወጣል፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ከዚያ በአውቶቡስ በ20 መጠምዘዣዎች ወደ ቹዘንጂ ሐይቅ ሲወጣ 97 ሜትር የሚወረወረው የኬጎን ፏፏቴ አለ።

በጥቅምት አጋማሽ ከደረሳችሁ ኒኮ፤ የተራራው ቅጠል የሚቀላው ያኔ ነው። ከአረጋውያን ጋር ወይም ከትንንሽ ልጆች ጋር ከሆነ ካማኩራ።

አንድ ሌሊት ለማደር፦ ኮያሳን ወይስ ሚያጂማ

አንድ ሌሊት ብቻ ከከተማ ውጭ ማደር ከቻላችሁ ከሁለቱ በአንዱ አድሩ። የሁለቱም ውበት የሚወጣው የቀን ጎብኚው ከሄደ በኋላ ነው።

ሚያጂማ ደሴት ናት፤ ከሂሮሺማ በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ በጀልባ 10 ደቂቃ። ባሕር ውስጥ የቆመው የኢጹኩሺማ ጂንጃ ትልቅ ቶሪ ቁመቱ ከ16 ሜትር ይበልጣል። የአሁኑ በ1875 የቆመ ነው፤ መሬት ውስጥ አልተቀበረም፣ በክብደቱ ብቻ ነው የቆመው። ወደዚያ ከመሄዳችሁ በፊት የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ እዩ፤ የደሴቱ የቱሪስት መረጃ ያወጣዋል። ውኃው ከ250 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ቶሪውም ጂንጃውም የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። ከ100 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ በጭቃው ላይ በእግር እስከ ሥሩ ትደርሳላችሁ፤ እንጨቱ ላይ የተጣበቀውን የባሕር ቀንድ አውጣ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ማየት ይቻላል፤ አራት ሰዓት ብቻ ቆይቶ የሚመለስ ሰው ግን አንዱን ብቻ ያገኛል።

ኮያሳን ሌላ ዓለም ነው። ከኦሳካ ናምባ በናንካይ ባቡርና በኬብል ካር ሁለት ሰዓት ገደማ ተጉዞ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የመነኮሳት ከተማ ይደረሳል። መነኩሴው ኩካይ ቦታውን ከንጉሠ ነገሥቱ የተረከበው በ816 ነው። ከ50 የሚበልጡ ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ፤ ሹኩቦ ይባላል። ለአንድ ሰው ከራትና ከቁርስ ጋር ብዙውን ጊዜ ከ10,000 የን በላይ ነው። ክፍሉ የወረቀት ተንሸራታች በር አለው፤ በታኅሣሥና በጥር ይበርዳል፤ ራት በጊዜ ይቀርባል፣ በሩም በጊዜ ይዘጋል። ማለዳ መነኮሳቱ ጸሎት ሲያደርሱ እንግዳው ከኋላ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

ከዚያ ኦኩኖ-ኢን። ሰማይ በጠቀሱ የጃፓን ጥዶች መካከል ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሄድ የመቃብር መንገድ ነው፤ ከ200,000 በላይ መቃብሮች አሉበት፤ የጦር አበጋዝ ከነጋዴ፣ ጠላት ከጠላቱ ጎን ተኝቷል። በመጨረሻው ያለው የኩካይ መካነ መቃብር ነው። ተከታዮቹ ኩካይ በ835 ሞተ አይሉም፤ በተመስጦ ላይ ተቀምጧል ነው የሚሉት። ስለዚህም በየቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓትና ረፋድ 4፡30 ላይ ምግብ ይወሰድለታል። እኔ የጠዋቱን ጠብቄ አይቻለሁ። አንድ አባት ከፊት፣ ሁለት መነኮሳት የእንጨት ሣጥን በመሸከሚያ ይዘው ከኋላ። መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ቤት ፊት ቆመው ምግቡን ያስቀምሳሉ፤ እዚያ ያለው ሐውልት ቀማሹ ጂዞ ይባላል። ከዚያ ድልድዩን ይሻገራሉ። ማንም አይናገርም፤ የሚሰማው የጫማቸው ድምፅ ብቻ ነው። ከድልድዩ ወዲያ ፎቶ ክልክል ነው።

ሴቶች እስከ 1872 ድረስ ወደ ተራራው እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር፤ ከመግቢያው አጠገብ ሴቶች ቆመው ይጸልዩባት የነበረችው ቤት አሁንም አለች። የደብረ ዳሞን ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል።

ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁና ሂሮሺማን ማየት ካሰባችሁ ሚያጂማ። ለብቻችሁ ወይም ለሁለት ከሆነ፣ በተለይም ጾም ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር ኮያሳን።

ወቅቱና ጾሙ

ይህን ማንም የጉዞ ወኪል አይነግራችሁም። ሳኩራ የሚባለው የቼሪ አበባ በኪዮቶና በቶኪዮ የሚፈነዳው በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ሁዳዴ ላይ ይወድቃል። የኪዮቶ ሜፕል ቅጠል ደም የሚመስለው ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ነው፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15። ጃፓን እጅግ የምታምርባቸው ሁለቱ ወቅቶች ለኦርቶዶክሳዊ መንገደኛ ሁለቱም ጾም ናቸው።

ችግሩ ሥጋ አይደለም፤ ሥጋ ይታያል። ችግሩ ዳሺ ነው፤ በሾርባው፣ በኑድሉ፣ በአትክልት ወጡ ሳይቀር የሚገባው ከደረቀ ዓሣ የሚወጣ መረቅ። ዓሣ ለማይበላ ጾመኛ «አትክልት ብቻ ነው» የተባለው ሳህን እንኳ አያስተማምንም። ኮምቡ ከሚባለው የባሕር ተክል ብቻ የተሠራ ዳሺ መሆኑን ጠይቁ። መነኮሳቱ የሚበሉት ሾጂን ሪዮሪ ግን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፤ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም አይገባበትም። በኮያሳን ሹኩቦ የሚቀርበው ይኸው ነው፦ እንደ አይብ የረጋ የሰሊጥ ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራ የደረቀ የኮያ ቶፉ፣ የተጠበሰ አትክልት፣ ሩዝ። በኪዮቶ ደግሞ በናንዘን-ጂ አካባቢ በሙቅ ውኃ የሚቀርብ ቶፉ የሚሸጡ ቤቶች አሉ። ሙስሊም አንባቢ ሥጋ ባይኖርበትም በማጣፈጫው ውስጥ የሩዝ አልኮል ሊኖር ስለሚችል ቀድሞ ያሳውቅ።

ከሚያዝያ 21 እስከ 27 ያለው የጃፓኖች የበዓል ሳምንትና በነሐሴ 7 አካባቢ የሚጀምረው ኦቦን የተባለው የሙታን መታሰቢያ በዓል አገሬው ሁሉ የሚንቀሳቀስበት ነው፤ ከቻላችሁ አትሂዱ።

እንጨት ለሚወድ

ከሁሉ ይልቅ ታሪኩ ለሚስበው ሰው ሁለት ቦታ ላክል። ከናራ በጄአር 12 ደቂቃ ገደማ ርቆ ያለው ሆርዩ-ጂ በዓለም ላይ ቆመው ከሚገኙ የእንጨት ሕንጻዎች ጥንታዊዎቹ አሉበት። ኢሰ ጂንጉ ደግሞ በተቃራኒው በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይሠራና አሮጌው ይፈርሳል፤ የመጨረሻው በ2013 ነበር፣ የሚቀጥለው በ2033 ነው። አንዱ እንጨቱን፣ ሌላው የአናጢውን እጅ ጠብቆ ያቆያል። ኢሰ ላይ ዋናው ቤት በአጥር ተከልሎ ጣሪያው ብቻ ስለሚታይ በዓይን ለማየት ብቻ የሄደ ሰው ያዝናል። ለዚያ ሰው ሆርዩ-ጂ ይሻለዋል።

እምነታችሁና ቲኬታችሁ

«ገብቼ መስገድ አለብኝ ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። የለባችሁም። ማንም አያስገድድም፣ ማንም አያይም። ጃፓኖቹ በጂንጃ ሁለት ጊዜ ዝቅ ብለው፣ ሁለት ጊዜ አጨብጭበው፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላሉ፤ በቤተ መቅደስ ግን አይጨበጨብም። እናንተ ወደ ጎን ቆማችሁ በጸጥታ ማየት በቂ አክብሮት ነው። ጫማ ማውለቁን ለእኛ ማስተማር አያስፈልግም፤ ንጹሕ ካልሲ ብቻ ያዙ።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ ቪዛችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ። የጄአር የባቡር ማለፊያን ሳታሰሉ አትግዙ፤ በመስከረም 2023 የ7 ቀኑ ዋጋ ወደ 50,000 የን ከፍ ብሏል፤ ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ግን ከ30,000 አይበልጥም። ሂሮሺማን ካልጨመራችሁ በየጉዞው መግዛት ይረክሳል።

መመለሻችሁ ከናሪታ ከሆነና ግማሽ ቀን ከቀራችሁ ደግሞ ቶኪዮ አትጨናነቁ። ከአየር ማረፊያው በባቡር 10 ደቂቃ ያህል የሚርቀው የናሪታ ከተማ በ940 የተመሠረተው ናሪታሳን ሺንሾ-ጂ አለበት። ሻንጣችሁን አየር ማረፊያ አስቀምጡ፤ ከጣቢያው በአሮጌው ቁልቁለት መንገድ በእግር ውረዱ። አዳራሹ ውስጥ መነኮሳት ከበሮ እየመቱ እሳት አንድደው ይጸልያሉ። የቀኑን ሰዓቶች በር ላይ ያለው ሰሌዳ ይነግራችኋል።